ድሬ፣ ወራጅ አለ!

አዲሱ ባቡር ድሬዳዋ ሲያደርስህ ድሬዳዋን አታያትም። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጣሪያው ሩቅ ነው። ወርደህ ሻንጣህን ስትጎትት የምትሰማው የሻንጣህን ጎማ ነው። ውጭ ባጃጆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ባለፈው በጋ እዚያ ቆሜ የት እንደደረስኩ ለትንሽ ጊዜ ግራ ገባኝ፤ ያውም ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ።

ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ሃያን ቢያልፍ ነው። «የት ልውሰድህ?» አለኝ። ልቤ ሞቀ። አዲስ አበባ በዚህ ዕድሜዬ «አንተ» የሚለኝ ልጅ የለም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ትንሹም ትልቁም አንተ ነው፣ አንቺ ናት፣ የሚቀየም የለም። «አሮጌው ባቡር ጣቢያ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። «እዚያ እኮ ባቡር የለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ስለ ድሬ መጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። አዲስ አበባ ስኖር ስለሷ የምሰማው ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። አንዱ «ድሬ ድሮ ቀረች» ይላል፣ ከዚያ ስለ አበባው፣ ስለ ጭፈራው፣ ስለ ብስክሌቱ አውርቶ ይተክዛል። ሌላው «ድሬ ተነሥታለች» ይላል፣ የተመረቀውን ፕሮጀክት ይቆጥራል። ሁለቱም ያመኛል። ሁለቱም ከተማዋን ከሩቅ ነው የሚያዩዋት። ስለዚህ ሄጄ አንድ ሳምንት በእግሬ ዞርኩባት።

ድሬን የወለዳት ተራራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ መሀል አገር ይገባል ተብሎ ነበር። ሐረር ያኔ የምሥራቁ ትልቅ ገበያ ናት። ግን ከቆላው ወደ ሐረር ለመድረስ የደንገጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው፣ ወጪው ደግሞ የሚቀመስ አልሆነም። ሀዲዱ ተራራውን ትቶ ቆላ ቆላውን ሄደ። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዛሬ ድሬ ካለችበት ቦታ ደረሰና ቆመ። ለዓመታት ከዚያ አላለፈም። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ የተደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ሰው ሁሉ «ድሬን ባቡር ሠራት» ይላል። እኔ የባቡሩ መቆም ነው የሠራት እላለሁ። ሀዲዱ እዚያ በቀረባቸው ዓመታት ከመሀል አገር የሚመጣው ነጋዴ በቅሎውን ድሬ ላይ ያስራል። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ድሬ ላይ ይራገፋል። ዕቃ ከተራገፈ መጋዘን ያስፈልጋል፣ ነጋዴ ካደረ ማደሪያ ያስፈልጋል፣ ማደሪያ ካለ ደግሞ የሚያበስል፣ የሚያጥብ፣ የሚሰፋ፣ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ግሪኩ መጣ፣ አርመኑ መጣ፣ የመናዊው መጣ፣ ህንዱ መጣ። ከደቻቱ ወንዝ በአንድ በኩል ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቀጥ ባለ ጎዳናና በዛፍ ጥላ ተሠራ፣ በሌላው በኩል የመጋላ ሰፈር በጠባብ መንገዱና በገበያው ሞላ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የሚሏት። ስሟን እንኳን የወሰደችው ከታለፈችው ከተማ ነው።

እኔ ልጅ ሆኜም ባቡሩ ድሬ ላይ ይቆም ነበር፣ ያውም እንደልቡ። ፉርጎ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ ሠራተኛ ይቀየራል፣ ሞተር ይፈተሻል። ባቡር ሲዘገይ ተሳፋሪ ይናደዳል፤ ሰፈራችን ግን ደስ ይለዋል። እናቴ ባቡር መዘግየቱን ስትሰማ እንቁላል ትቀቅላለች። ጨውና ሚጥሚጣውን በጋዜጣ ቁራጭ ትጠቀልላለች፣ ለእያንዳንዱ እንቁላል አንዳንድ ጥቅልል። እኔ ሳህኑን በራሴ ተሸክሜ ከመስኮት መስኮት እሮጣለሁ። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሒሳቡን ሳይከፍል የሚሄድ አለ ብለህ ታስብ ይሆናል። በመስኮት ሳንቲም እየወረወሩልኝ ነበር የሚሄዱት። አንድም ቀን ተበልቼ አላውቅም።

አባቴ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ነበር። እስኪሞት ድረስ «አቴሊዬ» ነው የሚለው። የሥራው ቃል ሁሉ ፈረንሳይኛ ነበር፤ አማርኛ እያወራ የመፍቻውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራል፣ ሲቆጣ ብቻ ኦሮምኛ ይቀላቅላል። ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን ላይ ነበር። የተሰበረውን ያያል፣ በካሊፐሩ ይለካል፣ ከብረት ቁራጭ አዲሱን ይወልዳል። ሞተሮቹ ያረጁ ስለነበሩ የብዙዎቹ መለዋወጫ ከየትም አይገኝም፣ ስለዚህ እዚያው ይሠሩታል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ሁሉ መንገድ ላይ የሚሰበረው ነገር ድሬ መጥቶ ነበር የሚድነው። ልጅ ሆኜ ከተማችን ሆስፒታል እንደሆነች ይሰማኝ ነበር፣ የብረት ሆስፒታል።

ውድቀቷ በአንድ ቀን አልመጣም። ይህን ደጋግሜ የምለው «ባቡሩ ሲቆም ከተማዋ ሞተች» የሚለው አባባል ነገሩን ስለሚያሳጥረው ነው። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ በር ድረስ መጥቶ ነበር፤ በዚያ ጦርነት ሀዲዱ ተቆረጠ። ከዚያም በኋላ ተጠገነ፣ ሠራ፣ ግን እያረጀ። ድልድዩ አረጀ፣ ሀዲዱ አረጀ፣ ባቡሩ ከሀዲድ መውጣት አበዛ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የአገሪቱ ዕቃ ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለድሬ ሰርግና ምላሽ መሆን ነበረበት። ግን ዕቃው የመጣው በጭነት መኪና ነው፣ መኪናው ደግሞ የሄደው በጋላፊና በሚሌ በኩል ነው፣ በአፋር። ሐረር በሀዲድ እንደታለፈችው ድሬ በአስፋልት ታለፈች። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አሮጌው ባቡር ጨርሶ ሲቀር፣ ሥራው ከዚያ በፊት ተሸርሽሮ ነበር።

በመሀሉ ከተማዋን ደግፈው ያቆሙት ሴቶች ናቸው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እናቴ ታዝንብኛለች። ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ በሚሄደው ባቡር ጎመንና ድንች፣ ጫትም ይዘው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ልብስ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ራዲዮ ያመጣሉ። ፊናንስ፣ የቀረጥ ፖሊሱ ሲመጣ ጨርቁን በወገባቸው ይጠመጥሙታል። ሕጉ ኮንትሮባንድ ይለዋል፣ ሕጉም ልክ ነው፤ አገር ያለ ቀረጥ አይኖርም። እኔ የማውቀው ግን በዚያ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ የገባውን የሰፈሬን ልጅ ነው። ባቡሩ ሲጠፋ ያ ንግድ አልጠፋም። ወደ መኪና ተዛወረ፣ ትልቅ ካፒታል ያለው ያዘው፣ ሴቶቹ ከጨዋታው ወጡ።

ከዚያ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞላ። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ሲባል ውኃ ይመስለዋል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ኳስ የምንጫወተው እዚያ ነው፣ ግመል የሚያርፈው እዚያ ነው። ያን ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ዳርና ዳር የነበረውን ቤት ከነሰው ይዞ ሄደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ስልኩ አልሠራ ብሎኝ ሙሉ ቀን ስደውል ዋልኩ። ቤተሰቦቼ ተርፈዋል። ጎረቤታችን አልተረፈችም፤ አሁንም ስለሷ ብዙ መጻፍ አልችልም።

የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ተዘጋ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሠራበት ነበር፤ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይጥለቀለቃል፣ አስፋልቱ አይታይም ነበር። ወጣቱ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዐረብ አገር ሄደ። እኔም ከሄዱት አንዱ ነኝ። የቀረውን «ጫት ገደለው» የሚሉ አሉ፤ ይህን አልቀበልም። ጫት ድሬ ላይ ድሮም ነበር፣ አባቴም ቅዳሜ ከሰዓት ይቅም ነበር፣ ሰኞ ጠዋት ግን ቶርኖው ላይ ነው። ሰኞ የሚገባበት ሥራ ሲጠፋ ነው ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ የወሰደው።

ወደ አሮጌው ጣቢያ ልመለስ። ባጃጁ አደባባዩ ላይ አወረደኝ። የጣቢያው ፊት አሁንም ያምራል፣ ግቢው ግን ጭር ብሏል። አስፈቅጄ ወደ ወርክሾፑ ገባሁ። ውስጡ ከውጭው ይቀዘቅዛል፣ የድሮ ዘይት ሽታው አልለቀቀም። ሞተሮቹ ቆመዋል፣ ፉርጎዎቹ ቆመዋል፣ በጣሊያን ጊዜ የመጣችው ባለ ሞተር የመንገደኛ ፉርጎ፣ ሊቶሪናም አለች። ቶርኖዎቹ በተርታ እንደተተከሉ ናቸው። አንዱን በእጄ ነካሁት። የመዞሪያው እጀታ መጨበጫው ላይ ተበልቷል፤ ለረጅም ዓመት መዳፍ ሲያሸው ብረቱ ቀጥኖ የጣት ቦታ ሠርቷል። እጄን አስገባሁበት። ሰፋብኝ። የአባቴ ይሁን የሌላ አላውቅም፣ ግን እጄን ቶሎ ማውጣት አልቻልኩም።

የአሮጌው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር። ልዩነቱ 43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ ከክንዴ ያነሰ። ግን በዚያች 43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ምክንያት እዚያ ከቆሙት ሞተሮች አንዱም አዲሱ ሀዲድ ላይ መውጣት አይችልም። አዲሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ሌላ ሙያ ነው የሚጠይቀው። ይህን ለመቃወም አይደለም የምጽፈው። አዲሱ ባቡር ያስፈልገን ነበር። ግን ከተማ ውስጥ መቶ ዓመት የተከማቸ የእጅ ሙያ በአንድ የንድፍ ውሳኔ ከጥቅም ውጭ ሲሆን፣ ያ ሙያ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማሰብ ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። እንደተመረቀ ሰሞን የድሬ ሰው ደስታ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ዝም አለ። ባቡሩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ኮንቴይነሩ በከተማዋ አጠገብ ያልፋል። ቆሞ የሚበላ የለም፣ ቆሞ የሚጠገን የለም። የሚወርደውም ሰው ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው ሜዳ ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ካላልክ ሾፌሩ አይቆምልህም፣ ሰፈርህን አይተኸው ታልፋለህ። ድሬን ለብዙ ዓመት የገጠማት እንደዚያ ነው የሚመስለኝ፤ የሚወርድላት ጠፋ።

አሁን አሁን ግን መውረድ የጀመረ ነገር አለ። ለመጻፍ ያስቸኮለኝም ይኸው ነው።

በነሐሴ 2014 የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ድሬ ላይ ተከፈተ። ስሙ ሲጠራ ትልቅና ባዶ ይመስል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልተዋጠልኝም ነበር። ሥራውን ሳየው ግን ድሮ የማውቀው ነገር ሆነብኝ፤ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይራገፋል፣ ይከማቻል፣ ይለያል፣ ይገጣጠማል፣ ከዚያ ወደሚሄድበት ይሄዳል። በ1895 ሀዲዱ አልቆ ዕቃ ሲራገፍ የተጀመረው ሥራ ማለት ነው። ዕቃው ድሬ ላይ ካረፈ የሚያራግፈው፣ የሚቆጥረው፣ የሚጠብቀው፣ የሚገጥመው ሰው የድሬ ሰው ነው። ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ ጊዜ ያሳየናል፤ እኔ የምመዝነው በእሱ ነው፣ በግቢው ስፋት አይደለም።

ሁለተኛው የደወሌ መንገድ ነው። ወደ 220 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የክፍያ መንገድ ተሠርቶ የጭነት መኪና በድሬ በኩል ወደ ጅቡቲ መሄድ ጀመረ። ያለፈን አስፋልት ተመለሰ ማለት ነው። የጭነት መኪና ደግሞ እንደ አዲሱ ባቡር አይደለም። ይቆማል። ሾፌሩ ይርበዋል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ረዳቱ ሻይ ያምረዋል።

ሦስተኛው ብዙ ያልተወራለት ነው። አዲሱን ባቡር መጀመሪያ የሚያስኬዱት ቻይናውያን ነበሩ፤ በ2016 ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላለፈ። ለእኔ ከሁሉም ዜና ይህ ይበልጥብኛል። የሚነዳውና የሚጠግነው የአገር ልጅ ከሆነ፣ የሙያ ቃላቱን በየትኛውም ቋንቋ ይጥራቸው፣ ሥራውን ለልጁ ያወርሰዋል።

በኮሪደር ልማቱ መንገዶቹ ሰፍተዋል፣ መብራት በዝቷል። ጎዳና ማሳመር ሥራ አይፈጥርም ብዬ ነበር የሄድኩት። ማታ ግን ሙቀቱ በረድ ሲል ከዚራ ወጣሁ። እናቶች ሕፃናት ይዘው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎች ያወራሉ፣ አንዲት ልጅ ባጊያ ትጠብሳለች፣ አጠገቧ ወንድሟ የቤት ሥራውን በመንገድ መብራት ይሠራል። ለዓመታት ከመሸ የማይወጣ ሰው ወጥቷል። ሐሳቤን ቀየርኩ። ድሬ የማታ ከተማ ናት፤ ማታዋን ከመለሱላት ግማሽ ነፍሷ ተመለሰ። የቀሩት የድሮ ቤቶች ግን ያሳስቡኛል። ባለ ሰፊ በረንዳዎቹ፣ የእንጨት መስኮቶቻቸው ባለ ክንፍ፣ ለሙቀቱ ታስበው የተሠሩት። ሲፈርሱ መልሶ የሚሠራቸው የለም። እባካችሁ።

በመጨረሻው ቀን ወደ ደወሌ በሚወጣው መንገድ በኩል ሄድኩ። በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች በተርታ አሉ፤ ጎሚስታ፣ ዘይት ቀያሪ፣ በያጅ፣ ሻይ ቤት፣ እንደገና ጎሚስታ። ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ቶርኖ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ድሮ ወርክሾፕ ውስጥ የአባቴ ረዳት የነበረ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። በር ላይ ቆሜ ሳይ ማሽኑን አጠፋና በጨርቅ እጁን እየጠረገ መጣ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። «አባትህን ነው የምትመስለው» አለኝ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ እጄን አልለቀቀም።

ባቡሩ ሲቀር ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ከዚያ ባጃጅ መጠገን ጀመረ። መንገዱ ሲከፈት ከወንድሙ ተበድሮ ያገለገለ ቶርኖ ገዛ። አሁን የመኪና ዕቃ ይሠራል፣ ከውጭ እስኪመጣ ወር የሚያስጠብቀውን። ሦስት ልጆች ሥር ሥሩ ይማራሉ፤ አንዷ ከቴክኒክና ሙያ የመጣች ናት፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ መነጽር አድርጋለች። «እሷ ከእኔ ትበልጣለች፣ ዓይኗ አይስትም» አለኝ ጮክ ብሎ፣ እንድትሰማው። ገዥ በዝቷል ወይ አልኩት። «ኸረ ተወኝ፣ ምሳ የምንበላበት ጊዜ አጣን» አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር የማውቀው ከአባቴ ፊት ነው፤ ደክሞት ደስ ያለው ሰው ፊት።

ከአዲስ አበባ ስነሣ የአባቴን ካሊፐር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ለምን እንደያዝኩት ራሴም አላወቅኩም። መሳቢያ ውስጥ ስንት ዓመት ተቀምጧል፤ እኔ ቢሮ ነው የምሠራው፣ የምለካው ነገር የለኝም። አውጥቼ ሰጠሁት። ገልብጦ ጀርባውን አየ። አባቴ በሚስማር የጫረው የስሙ ፊደል አለ። ምንም አልተናገረም። ለልጅቷ አቀበላት።

ልጅቷ በልብሷ ጠረገችው፣ አንዴ ከፍታ ዘጋችው። ቶርኖው ላይ ወደታሰረው ብረት ጎንበስ ብላ ለካች። መብራቱን ወደሷ ሳበችና እንደገና ለካች።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለች፤ ማሽኑን አስነሣች።